የድሮ ሳምፕለር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ስለ ዲስኩ ጠይቁ

"የድሮ ሳምፕለር መግዛት ፈልጌ ነበር፣ የቱን ትጠቁመኛለህ?" የሚል ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው። እኔ ጋ ሁለት አሉ፦ ኤንሶኒክ ሚራዥ እና አካይ ኤስ-950። ካሲዮ ኤፍዜድ-1 ደግሞ ከጓደኛዬ ተውሼ አንድ ዓመት ያህል ሠርቼበታለሁ። ስለነዚህ ሦስቱ በደንብ አወራለሁ፤ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አልፋቸዋለሁ።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ ሰው፦ ሳምፕለር ድምፅ ይቀዳና በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ይዘረጋዋል። የበር ሲጥታ ትቀዳላችሁ፣ ከዚያ ያንን ሲጥታ እንደ ፒያኖ ወፍራምና ቀጭን እያደረጋችሁ ትጫወቱታላችሁ። መንገዱን የከፈተው በ1979 ከሲድኒ የወጣው ፌርላይት ሲኤምአይ ነው፤ ፒተር ቮግልና ኪም ራይሪ የሠሩት። እሱን የሚደፍሩት ግን ትልልቅ ስቱዲዮዎችና የናጠጡ ሙዚቀኞች ብቻ ነበሩ። በ1981 ኢሙ የሚባለው ኩባንያ ኢሙሌተር ተከተለ። ተራው ሙዚቀኛ እጅ መግባት የጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ሚራዥ ሲመጣ ነው። ከዚያ አካይ በ1986 ኤስ-900ን፣ በ1988 ደግሞ ኤስ-950ንና ኤስ-1000ን አወጣ፤ ሳምፕለርም የየስቱዲዮው ዕቃ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ድምፁ ነው። እኔ የምለው ግን ስለ ዲስኩ ጠይቁ ነው። እነዚህ ማሽኖች ሲጠፉ የቀዱትን ሁሉ ይረሳሉ። ድምፁ የሚቀመጠው ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው። አንዳንዶቹ እንዲያውም የራሳቸውን ሲስተም ሳይቀር ከዲስክ ካላነበቡ አይነሱም። ሚራዥ እንደዚያ ነው። ኤንሶኒክ ኢፒኤስ እና ኤኤስአር-10፣ ኢሙሌተር 2፣ ኢማክስ፣ የሮላንድ ኤስ-330፣ ኤስ-550 እና ደብሊው-30 እንደዚያው ናቸው። የሲስተም ዲስኩ ከሌለ ወይም ድራይቩ ካላነበበ፣ ያላችሁ ነገር መብራት ያለው ሣጥን ነው። የአካዩ ኤስ-950 እና ኤስ-1000፣ የካሲዮው ኤፍዜድ-1 ግን ሲስተማቸው ውስጣቸው ስላለ ያለ ዲስክ ይነሳሉ።

ይሄን የተማርኩት ሚራዡን ስገዛ ነው። ሻጩ "ይበራል" አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ይበራል። ሁለቱ ቀይ አሃዞች በሩ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተሸክሜው ሄድኩ። ዲስክ አብሮ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የሲስተም ዲስክ እስካገኝ ድረስ ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ድምፅ አላወጣም። ስለዚህ ሻጭ "ይበራል" ሲላችሁ "ዲስክ ያነባል ወይ?" በሉት። ዲስክ ሲያስገባና ድምፅ ጭኖ ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክላችሁ። ቪዲዮው ላይ ከታችኛው ቁልፍ እስከ ላይኛው አንድ በአንድ እንዲነካ ጠይቁት። ይሄን እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ወደ ማሽኖቹ ልግባ።

ሚራዥ 8 ቢት ነው (ቢት ድምፁ የሚለካበት ጥራት ነው፤ ሲያንስ ድምፁ ይሻክራል)፤ በአንድ ጊዜ 8 ድምፅ ያወጣል። የውስጡን የድምፅ ቺፕ የነደፈው ቦብ ያነስ ነው፤ የኮሞዶር 64ን የድምፅ ቺፕ የሠራው ሰው። የድምፅ ሜሞሪው 128 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን ለኪቦርዱ የታችኛውና የላይኛው ክፍል ለሁለት ይከፈላል። በሰከንድ 30,000 ጊዜ እየለካ ቢቀዳ ለእያንዳንዱ ግማሽ የሚደርሰው ሁለት ሰከንድ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ያንሳል፣ አውቃለሁ። ግን ያ የሁለት ሰከንድ ድምፅ እውነተኛ አናሎግ ፊልተር ውስጥ ያልፋል፤ ሬዞናንስ ያለው፣ ወፍራም ፊልተር። ፊልተር የድምፁን ቀጭን ክፍል ይቆርጣል፤ ሬዞናንስ ደግሞ የሚቆርጥበትን ቦታ ያጎላዋል። አንድ ቀን ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ማንኪያ መትቼ ቀዳሁ። ሁለት ኦክታቭ ዝቅ አድርጌ ስነካው ብርጭቆነቱ ጠፍቶ ደወል ሆነ፤ ከሥሩ ደግሞ የአሸዋ ዓይነት ሻካራ ነገር ይሰማል። ፊልተሩን በዝግታ ስዘጋው አሸዋው ሰጠመና ደወሉ ብቻ ቀረ። ይሄን ድምፅ እስካሁን ሦስት ሥራ ላይ ተጠቅሜበታለሁ።

ችግሩ አጠቃቀሙ ነው። ያለችው ባለ ሁለት አሃዝ መስኮት ብቻ ናት። እያንዳንዱ ነገር ቁጥር አለው፤ ፊልተሩ ቁጥር፣ የሉፑ (እየተደጋገመ የሚጫወተው ክፍል) መጀመሪያ ቁጥር። የቁጥሮቹን ዝርዝር አትማችሁ አጠገባችሁ ካላስቀመጣችሁ ትጠፋላችሁ። እኔ ካርቶን ላይ ለጥፌ ከማሽኑ ጎን አቁሜዋለሁ። ሳምፕል ለመቅዳት በደንብ የሚመቸው ማሶስ የሚባለው ሲስተም ነው፤ ዲስክ ስትፈልጉ እሱንም አብራችሁ ፈልጉት።

ኤስ-950 ሌላ ጠባይ ነው ያለው። 12 ቢት፣ 8 ድምፅ፣ እስከ 48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ) ይቀዳል። ሜሞሪው 750 ኪሎባይት ሲሆን እስከ 2.25 ሜጋባይት ያድጋል። ኪቦርድ የለውም፣ በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች በሚግባቡበት ገመድ) ሌላ ኪቦርድ መሰካት አለባችሁ። ስክሪን አለው፤ ሜኑው ደግሞ በአንድ ከሰዓት የሚለመድ ነው። የሚያስደስተኝ የድምፁን ስፋት እናንተ መወሰናችሁ ነው፤ ባንድዊድዙን ዝቅ ስታደርጉት ድምፁ ይደፈናል፣ ግን ረዘም ያለ ትቀዳላችሁ። ለባስ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ለሲምባል ከፍ። ፊልተሩ ሬዞናንስ የለውም፤ ሚራዡን ከለመዳችሁ ይሄ ይከብዳችኋል። ከበሮ ላይ ግን የሚደርስበት አላየሁም። ዝቅ አድርጋችሁ ስትጫወቱት አይበጣጠስም፣ ዝም ብሎ ይወፍራል። ምክንያቱ እያንዳንዱ ድምፅ ሲጫወት የራሱን የንባብ ፍጥነት መቀያየሩ ነው። ኤስፒ-1200 የሚባለው የኢሙ ማሽን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በማይለወጥ 26.04 ኪሎኸርዝ እየሠራ፣ ድምፁን ለመቀየር ናሙናዎቹን (አንድ በአንድ የለካቸውን ነጥቦች) ይዘላል ወይም ይደግማል፤ ሰው የሚወድለት ያ መሻከር ከዚያ ነው የሚመጣው።

ስለ ኤስፒ-1200 ካነሳሁ አይቀር፦ በ1987 የወጣ ነው፣ በጠቅላላ 10 ሰከንድ ይይዛል፣ አንዱ ድምፅ ከ2.5 ሰከንድ አይበልጥም። የሂፕሆፕ ሰዎች ሸክላውን በ33 ፈንታ በ45 እያስኬዱ ይቀዱና ማሽኑ ላይ መልሰው ዝቅ ያደርጉት ነበር፤ ቦታ ለመቆጠብ። ይሄ ዘዴ በየትኛውም ሳምፕለር ይሠራል፣ ሞክሩት። የድሮውን ኤስፒ ግን ለጀማሪ አልጠቁምም። ስሙ ብቻውን ተፈላጊ አድርጎታል፣ የምትከፍሉት ለስሙ ነው። እሱኑ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን የነደፈው ዴቭ ሮሰም እንደገና ያወጣው አለ፤ አዲስ ዕቃ ስለሆነ ከጥገና ጣጣ ያድናችኋል።

ካሲዮ ኤፍዜድ-1 ብዙ ሰው የሚያልፈው ማሽን ነው፣ እኔን ግን በጣም ያስቆጨኛል። በ1987፣ ሌሎቹ 12 ቢት ላይ እያሉ፣ 16 ቢት ይዞ መጣ። እስከ 36 ኪሎኸርዝ ይቀዳል። ስክሪኑ ላይ የድምፁን ሞገድ ታያላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ትስላላችሁ። አንድ ማታ ሞገዱን ነጥብ በነጥብ ስስል አምሽቼ የወጣው ድምፅ ከየትኛውም ኪቦርድ የማላገኘው ነበር። ጓደኛዬ መልስልኝ ሲለኝ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ሬዞናንስ ያለው ፊልተርም አለው። ስክሪኑ ደብዝዞ ካገኛችሁት አትደንግጡ፤ የዚያ ዘመን የስክሪን ጀርባ መብራት ከጊዜ ጋር እየደከመ ይሄዳል። አንዳንዴም ቀጭን ሲርታ ይሰማል፣ እሱ መብራቱን ከሚነዳው ትንሽ ሰርኪት ነው። በኤልኢዲ ሲቀየር ሁለቱም ይፈታሉ።

ኤስ-1000 ጥሩ ማሽን ነው። 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ድምፅ፣ ሲገዛ በነበረው 2 ሜጋባይት በሞኖ 23 ሰከንድ ገደማ። ግን ድምፁ ንጹሕ ነው። የድሮ ድምፅ ፈልጋችሁ ከሆነ የምትመጡት፣ እዚህ ብዙ አታገኙትም። የጃንግል (የፈጣን ከበሮ የዳንስ ሙዚቃ) ሰዎች የወደዱለት ታይም ስትሬቹን ነው፤ ድምፁን ሲያስረዝመው የሚያሰማው የብረት መንቀጥቀጥ።

ምርጫዬን ልንገራችሁ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገዙ ኤስ-950። ያለ ዲስክ ይነሳል፣ ስክሪን አለው፣ ኪቦርድ ስለሌለው የሚበላሽ ቁልፍ የለውም፣ በመንገድም ሲጓዝ እንደ ኪቦርድ ማሽን አይሰበርም። ቀድሞ ሌላ ሲንተሳይዘር ላለውና ትዕግሥት ላለው ሚራዥ።

ድራይቩ። ይሄን ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው ማሽኑን የሚጠላው በሱ ምክንያት ነው።

ያለው አማራጭ ሦስት ነው። አንደኛው የድሮውን ድራይቭ ጠግኖ መቀጠል። ቀበቶ ያላቸው ድራይቮች ላይ ላስቲኩ እየቀለጠ እንደ ሬንጅ ይሆናል፣ ቀበቶው ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይነሳሉ። የማንበቢያ ጭንቅላቱም በአልኮል ይጠረጋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የሻገተ ዲስክ በፍጹም አታስገቡ። የብረቱን መከለያ ገፋ አድርጋችሁ ፕላስቲኩን በብርሃን እዩት። ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ይጣበቅና ቀጥሎ የምታስገቡትን ደህና ዲስክ ይፍቀዋል። እኔ ሁለት የድምፅ ዲስኮች በአንድ ማታ አጥቻለሁ። ሁለተኛው አማራጭ ሌላ ያገለገለ ድራይቭ መግዛት ነው፤ እሱም ያው ያረጀ ነውና አልጠቁምም።

ሦስተኛው የፍሎፒ አስመሳይ ነው፤ የድራይቩ ቦታ ላይ ይገባና ፍላሽ ዲስክ ይቀበላል። ማሽኑ ፍሎፒ የሚያነብ ነው የሚመስለው። እዚህ ጎቴክ እና ኤችኤክስሲ ናቸው የሚወዳደሩት። ጎቴክ በጣም ርካሹ ነው። ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ያለው ፈርምዌር (ዕቃውን የሚያሠራው የውስጥ ሶፍትዌር) ለተራው የፒሲ ዲስክ የተሠራ ስለሆነ ሳምፕለር ላይ አይሆንም። ፍላሽፍሎፒ የሚባል ነጻ ፈርምዌር ትጭኑበታላችሁ፤ ያኔ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ማስተካከያ ፋይሉ ላይ አካይ፣ ካሲዮ ወይም ኤንሶኒክ ብላችሁ ማሽናችሁን ትመርጣላችሁ። ሦስት አሃዝ ብቻ የምታሳየውን መስኮት በኦሌድ ስክሪንና በማዞሪያ ብትቀይሯት ደግሞ የዲስኩን ስም እያነበባችሁ ትመርጣላችሁ። ያለ እሱ "ሰባት ቁጥር ላይ ምን ነበር?" ስትሉ ነው የምትውሉት። ኤችኤክስሲ የራሱን ዕቃ ከነሶፍትዌሩ ያቀርባል፤ ዝግጁ ሆኖ እንዲመጣላችሁ ከፈለጋችሁ እሱ ይሻላል። ጎቴክ ብትገዙም የኤችኤክስሲን የኮምፒውተር ሶፍትዌር አውርዱት። የዲስክ ቅጂ ወደሚፈለገው ዓይነት ይቀይራል፣ ፍላሽፍሎፒም ያነበዋል።

እኔ ሁለቱም ማሽኖቼ ላይ ጎቴክ ከፍላሽፍሎፒ ጋር ነው ያለው። ነቅላችሁ ያወጣችሁትን ድራይቭ ግን አትጣሉት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

የድሮ ዲስኮች ካሏችሁ ቅጂ ውሰዱ፤ ዛሬ ነገ አትበሉ። ዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ገዝታችሁ አትድከሙ፤ የፒሲን ዲስክ እንጂ የሚራዥን ወይም የአካይን 800 ኪሎባይት ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አያነብም። ግሪስዊዝል የምትባል ትንሽ ቦርድ አለች፤ ከድሮ የኮምፒውተር ፍሎፒ ድራይቭ ጋር ትገናኝና ዲስኩን እንዳለ ወደ ፋይል ትገለብጣለች። ከማስገባታችሁ በፊት የዲስኩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ አንሸራትታችሁ ቀዳዳዋን ክፈቱ፣ በስህተት እንዳይጻፍበት።

"ድምፆቹን ከኮምፒውተር በሚዲ ገመድ አልልክም ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ አለ። ትልካለህ፣ ግን ሂሳቡን ተመልከት። ሚዲ በሰከንድ 3,125 ባይት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። 16 ቢት በ44.1 ኪሎኸርዝ የሆነ አንድ ሰከንድ ድምፅ ለመላክ 45 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ለአንድ የከበሮ ምት ይሁን፤ ከዚያ በላይ ግን አትሞክረው።

ጥገና። ሦስት ዓይነት ሰው ጋ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ቴሌቪዥንና ራዲዮ የሚሠራ ጠጋኝ፣ የድሮ ሲንተሳይዘር ላይ ብቻ የሚሠራ ቴክኒሻን፣ ወይም ራሳችሁ።

የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላይ ላይ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን አስረግጣችሁ ንገሩት። እኔ ኤስ-950ዬን "ሃም ያሰማል" (የኤሌክትሪክ እምምታ) ብዬ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት። በሁለት ቀን መለሰልኝ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሃሙ ተመልሶ መጣ። ሲከፈት ያበጠችውን አንዷን ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ክፍል) ብቻ ነበር የቀየራት፤ አጠገቧ ያሉት፣ እኩል ያረጁት፣ እንዳሉ ነበሩ። ከክዳኑ ብሎኖችም ሁለቱ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ሳልጠይቅ ዕቃ አልሰጥም፦ የፓወር ሰፕላዩ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በሙሉ ይቀየሩ፣ የወጡት አሮጌዎቹ በፌስታል ይመለሱልኝ፣ ሲጨርስ የለካውን ቮልቴጅ ይጻፍልኝ። ጥሩ ጠጋኝ በዚህ አይቀየምም። የሚቀየመው ላይ እኔም እጠረጥራለሁ።

ሁለተኛው፣ የሲንተሳይዘር ቴክኒሻኑ፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ክፍያውም ጠንከር ይላል። ግን ድምፁ ራሱ ሲበላሽ፣ ማለትም ከስምንቱ ድምፆች አንዱ ሲጮህ ወይም ፊልተሩ ሲሞት፣ ሌላ ሰው ጋ አትሂዱ። የፊልተር ቺፖቹ እንደ ልብ አይገኙም፣ በሙከራ የሚቃጠሉ ነገሮች አይደሉም።

ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ቁልፎቹን ነው። ብዙዎቹ ኪቦርዶች ከቁልፉ ሥር የላስቲክ ጉብታ አላቸው፤ በውስጡ ጥቁር ክብ ካርቦን አለ፣ ያ ካርቦን ቦርዱን ሲነካ ነው ድምፅ የሚወጣው። ማሽኑ ምን ያህል በኃይል እንደነካችሁ የሚያውቀው በሁለት ንክኪዎች መሃል ያለውን ጊዜ ለክቶ ነው። አንዱ ንክኪ ከቆሸሸ ቁልፉ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ በስስ ብትነኩትም እንደተደበደበ ይጮሃል። የጓደኛዬ ኪቦርድ ላይ የመሃሉ ፋ እንዲህ ሆኖ ነበር። ላስቲኩን አንስቼ አየሁት፤ ካርቦኑ ላይ ከዓይን የምታመልጥ አንዲት የፀጉር ጫፍ ተጋድማለች። በጥጥ እንጨት፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ቦርዱን ጠረግኩ፣ ካርቦኑን ግን በደረቅ ጥጥ ብቻ ዳበስኩት፤ ከተፋቀ አይመለስም። ገጣጥሜ ስነካው ፋ እንደ ወንድሞቹ ሆነ።

ፓወር ሰፕላዩን ግን ካልተማራችሁ አትንኩት። ገመዱ ተነቅሎም ትልቁ ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ ሰው ይጎዳል። ከመሰካታችሁ በፊትም የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ 100 ቮልት ነው፣ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከሰካችሁት አበቃ።

ከውጭ የምታስልኩ ካላችሁ ሻጩን ሁለት ካርቶን ጠይቁት፣ አንዱ አንዱ ውስጥ። የቁልፎቹ ፊት ላይ ጠንካራ ነገር ይሁን። የመጓጓዣ መከላከያ ካርድ ወይም የማይፈለግ ዲስክ ድራይቩ ውስጥ ቢቀመጥ ጭንቅላቱን ይጠብቀዋል።

"ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሶፍትዌር አለ አይደል?" ላላችሁ፣ አለ፣ ጥሩም ነው። ታል-ሳምፕለር የድሮዎቹን የድምፅ መቀየሪያ በማስመሰል ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ቀላል ነው፣ ኮምፒውተር አያስጨንቅም። አርቱሪያ የኢሙሌተር 2ንም የፌርላይትንም ቅጂ ሠርቷል፤ የማሽኖቹን መልክና አሠራር ማወቅ ለሚፈልግ ደስ ይላል። ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ ለሰለቸው ደግሞ ሮላንድ ኤስፒ-404 ማርክ 2 አለ፤ ትንሽ፣ አዲስ፣ ዋስትና ያለው። ነገ ትርዒት ያለበት ሰው ከእኔ ሚራዥ ይልቅ እሱን ይያዝ። ይሄን ስል ሚራዡን እያየሁ ነው፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

እኔ ለምን የድሮውን እንደያዝኩ ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሺህ የከበሮ ድምፅ አለኝ፤ ስመርጥ ይመሻል። ሚራዡ ላይ ያለኝ ሁለት ሰከንድ ነው። የቱን ድምፅ እንደምፈልግ ሳልወስን መቅዳት አልችልም። ጅማሬው ላይ ያለውን ትንፋሽ እቆርጣለሁ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ማስተጋባት እተዋለሁ፣ የሚቀረው የድምፁ ፍሬ ነው። ይሄን ከዚህ ማሽን ሌላ ማንም አላስተማረኝም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ የእኔ ነው። ጓደኛዬ ኤፍዜድ-1ን ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። የስክሪኑን መብራት በኤልኢዲ የቀየራችሁ ካላችሁ፣ የትኛውን ቁራጭ እንደተጠቀማችሁና የድሮውን የመብራት ሰርኪት ነቅላችሁት እንደሆነ ጻፉልኝ። ፎቶ ካላችሁ ደግሞ አብራችሁ አያይዙት።